ጾመኛው ዓይን

ነቀምቴ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአበጋዝ፣

እንዴት ከርመሃል? የሕንድ ቅመም ሆድህን አላቃጠለህም? እኛ ደህና ነን። ደህና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወደ ታች እጽፍልሃለሁ፤ አሁን ሰላምታዬን አታቋርጠኝ።

«እትዬ በዛ፣ ስልክ እያለ በዚህ ዘመን የምን ደብዳቤ ነው?» ብለህ ስቀህብኛል አይደል? ሳቅ። አንተ በር ያለው ክፍል አለህ። እኔና አባዬ ከቀያችን ከኪራሙ ሸሽተን ከወጣን ወዲህ አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍለን ነው የምንኖረው። በደወልክ ቁጥር ከመጋረጃው ወዲያ ጆሮውን ቀስሮ ይቀመጣል፤ ስልኩን ዘግቼ ሳልጨርስ አንተ ያልከውን እሱ ይነግረኛል። «አባዬ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው» ከማለት ሌላ ምን ልልህ ኖሯል? ደጅ ወጥቼ ላውራ ስል «ከእኔ የሚደበቅ ምን ጉድ ተገኘ?» ብሎ ይከተለኛል። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። እሱም ማንበብ ካቆመ ሰነባብቷል፤ ይህን አታውቅም።

አዎ፣ ግራ ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቷል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሙ «ግላኮማ ነው፣ የዓይን ግፊት» ሲለን ግራው ቀድሞ ተጎድቶ ነበር፤ ቀኙን በጠብታ እናቆየዋለን ነው ያለን። ቀኙም አሁን ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። ባለፈው ሰኞ ከጎን የመጣ ባጃጅ ጋቢውን ይዞት ሊሄድ ነበር። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው «እነዚህ ባጃጆች ሥርዓት አጡ» ብሎኝ አረፈው።

በሚቀድስበት ደብር ማንም አያውቅበትም። ቅዳሴውን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ስለያዘው መጽሐፉን ገልጦ ፊቱ ያደርጋል፣ ገጹን በጊዜው ያገላብጣል፤ ማን ይጠረጥራል? ለእኔ ግን ባለፈው እንዲህ አለኝ፦ «በዛብሽ፣ ቤቱ ሄደ፣ ከብቱ ሄደ፣ መሬቱ ሄደ። መቅደስ ገብቼ መቀደሴ ብቻ ነው የቀረኝ። ይቺን ዓይን ካጣሁ እሱንም ይወስዱብኛል።» እንግዲህ ጭንቄ ይህ ነው። ያቺን አንድ ዓይን ማትረፍ አለብን።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሏል። የምትቀምመው መድኃኒት መቼ ነው የሚደርሰው? በእሱ ቤት ሕንድ የሄድከው ለእሱ መድኃኒት ልታፈላ ነው። እኔም ምን እንደምትሠራ በቅጡ ስለማላውቅ ዝም አልኩ። በሚገባው አነጋገር ጻፍለትና ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ለእኔ የምትለውን ለብቻ አድርገው። ደግሞ በእግዜር፣ ጽሑፍህን አስተካክል፤ የአማርኛ አስተማሪ እህት ይዘህ የዶሮ ጭረት ስትልክልኝ ለተማሪዎቼ ማሳየት አፍራለሁ።

እህትህ በዛብሽ ቂርቆስ

*

ሃይደራባድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ በዛ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለአባዬ፣ ሰላም ለጎረቤታችን ለኦቦ ባይሳም። እዚህ ሙቀት ነው፤ ሆዴን ግን ቅመሙ ሳይሆን የአንቺ ደብዳቤ ነው ያቃጠለው። ስለ ግራ ዓይኑ አላወቅኩም ነበር። በስልክ ሲያወራኝ ድምፁ የድሮው ድምፁ ነው፤ ከድምፅ ምን ይታያል? ይቅር በይኝ። መጠየቅ ነበረብኝ።

ጽሑፌን አስተካክዬልሻለሁ። የሚከተለውን ጮክ ብለሽ አንብቢለት፦

አባዬ፣ መስቀልህን እሳለማለሁ። እዚህ ምን እንደምሠራ ልንገርህ። በዓይናችን ጀርባ ያየነውን ወደ አንጎል የሚያደርሱ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ሕዋስ ማለት ዓይን የማያያት ቅንጣት ናት፤ ግን አንድ ቤት ሙሉ ሥራ አለባት። ፕሮቲን የሚባል ነገር ትሠራለች፣ እንደ ልብስ አጣጥፋ በየቦታው ታስቀምጣለች። የዓይን ግፊት ሲበዛባት ትጨነቃለች፤ ማጣጠፉ ይጠፋባታል፣ የተጨማደደው ይከመርባታል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የምታደርገው ምን መሰለህ? ትጾማለች። አዲስ መሥራቱን ትታ ያለውን ታጸዳለች፣ የተበላሸውን ታስወግዳለች። በዚያም ጾሟ ትድናለች። እኔ የማጠናው ይህን የሕዋሷን ጾም ነው። መድኃኒቱ ገና ነው፤ በጸሎትህ አስበኝ።

እስከዚህ ነው የሚነበበው። ከዚህ በታች ለአንቺ ብቻ ነው።

እትዬ በዛ፣ የጻፍኩለት ግማሹን ነው። ሕዋሷ በጾሟ የምትድነው ግፊቱ ቶሎ ከቀነሰላት ነው። ካልቀነሰላት ግን ያው ጾም ይገድላታል፤ የጭንቀቱ ደወል እየጮኸ ከቆየ ራሷን እንድታጠፋ ወደሚያዝ ደወል ይለወጣል። የሞተች የዓይን ነርቭ ሕዋስ ደግሞ አትተካም። ይህን ለአባዬ ምን ብዬ ልጻፍለት? ያስደነግጠዋል። መድኃኒቱም ቢሆን እኔ የምሞክረው በሳህን ላይ ባሉ ሕዋሳትና በአይጥ ነው፤ ለሰው የሚደርስ ከሆነ እኔ ሸብቼ ነው። «ገና ነው» ማለት ይበቃዋል። አንቺስ እንዴት ነሽ?

አበጋዝ

*

ነቀምቴ፣ ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዶክተር ወንድሜ፣

ገና ዶክተር እንዳልሆንክ አውቃለሁ፤ አባዬ ግን ሾሞሃል፣ እኔ ከሹመት ጋር አልጣላም። እንኳን ለጥምቀት አደረሰህ። እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን፤ የአሁኑ ደህና ከድሮው ይሻላል።

በስልክ «ደብዳቤዬን ወደደው ወይ?» ብለሃል። ወደደው? ኧረ ጉድ ነው የሆንኩት! አነበብኩለት። ቆይቶ «እስቲ ጾሟን ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት። ተነስቶ በአጥሩ በኩል ኦቦ ባይሳን ጠራው። ታውቀዋለህ፣ ኦቦ ባይሳ የጴንጤዎቹ ሽማግሌ ነው፤ ጠዋት ጠዋት «አከም ቡልተን፣ ቄሲ?» ብሎ እንዴት እንዳደረ ሳይጠይቀው አይውልም፤ አባዬም «ናጋ» ብሎ ደህንነቱን ይነግረዋል፤ ከዚያ በጾም ነገር ይከራከራሉ። «አንተ ሰው፣» አለው አባዬ፣ «ጾም አያስፈልግም ትለኛለህ። ልጄ በሕንድ አገር በመሣሪያ አይቶ፣ የሰው ሥጋ ራሱ በጭንቀት ቀን ይጾማል ብሎ ጽፎልኛል!» ኦቦ ባይሳ ምን ይበል? «እሱማ ሳይንስ ከሆነ ምን አደርጋለሁ» ብሎ ሳቀ። በሚቀጥለው እሁድ አባዬ ስብከቱ ላይ አስገባት። ሕዋስ የምትባል ቅንጣት እንኳ ትጾማለች፣ እናንተ ሥጋ ቤት በር ላይ ትሰለፋላችሁ እያለ ሕዝቡን ሲያነድደው እኔ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅኩ። ከኪራሙ ከወጣን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም። እግዜር ይስጥህ፣ ከልቤ ነው።

ሁለተኛውን ግማሽ አላነበብኩለትም። እንዳልከው ለአንተና ለእኔ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ጠብታውን ይጠቀማል ወይ ብለህ በስልክ ለጠየቅከኝ፣ ይጠቀማል። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የማደርግለት፤ አሁን «የራሴን ዓይን ራሴ አውቅበታለሁ» ብሎ ከመጋረጃው ወዲያ ወስዶ ያደርገዋል። እጁ ጥሩ ነው መሰለኝ፤ የእኔ ጠርሙስ ወር አይሞላም ነበር፣ የእሱ ሁለት ወርም ይቆያል። ባለመድኃኒት ቤቱ አንዳንዴ «አልመጣም» ስለሚለኝ መቆጠቡን ወድጄዋለሁ።

እኔን ደግሞ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብለህ ጠይቀሃል። በደብዳቤህ መጨረሻ መስመር፣ ከፊርማህ በላይ። እኔ አስተምራለሁ፣ አበስላለሁ፣ አባቴን እጁን ይዤ ጭቃ አሻግራለሁ። አንተ ዓይንን ታጠናለህ፣ እኔ ዓይን እየሆንኩ ነው። እንዲህ ነኝ።

በዛብሽ

*

ሃይደራባድ፣ መጋቢት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ በዛ፣

ስለ ቆየሁ ይቅርታ። መልስ ለመጻፍ ስነሳ የመጨረሻውን አንቀጽሽን አየውና እስክሪብቶውን መልሼ አስቀምጣለሁ። ልክ ነሽ።

በስልክ እንደነገርሽኝ የዓይኑ ግፊት ሲለካ ጨምሮ መገኘቱ አስደንግጦኛል። የዓይን ነርሷ ሲስተር ድርቤ «ጠብታውን በትክክል እየተጠቀሙ ከሆነ መቀነስ ነበረበት» ማለቷም ልክ ነው። ሐኪሙ ሌላ ጠብታ ከጨመረለት ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ሰው አንዱ ብቻ አይበቃውም። እዚህ ያሉትንም ሐኪሞች አማክሬያለሁ፣ ያው ነው ያሉኝ።

ከእኔ ወገን ደስ የሚል ነገር አለ። ደወሉን ለማፈን የሞከርኩበት ውህድ ሠርቷል። ሳህን ላይ ካሉት ሕዋሳት ያልታከሙት ሲሞቱ የታከሙት ቆይተዋል። ፕሮፌሰሬ በሰው ፊት አመሰገነኝ። ለአባዬ ንገሪው። ገና ነው በይው፣ ግን መንገድ ላይ ነው በይው፤ ደስ ይበለው።

ለሁዳዴው መልካም ጾም በይልኝ። «እኔ ከጾምኩ ለአንተም ይበቃሃል» ይለኝ ነበር።

አበጋዝ

*

ነቀምቴ፣ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአበጋዝ፣

እንዴት ነህ? ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሏል። የትምህርት ቤታችን ጣራ ያፈሳል፤ አምስተኛ ክፍልን ከስድስተኛ ጋር ቀላቅዬ ነው የማስተምራቸው። ፈተና ደርሷል። የኦቦ ባይሳ ላም ወለደች፤ እናቲቱ አጥራችንን ጥሳ ጎመኔን ጨረሰችው። ይህን ሁሉ የምጽፍልህ ሌላውን ላለመጻፍ እንደሆነ ገብቶሃል፤ ሞኝ አይደለህም።

በስልክ የጠየቅከኝን አልመልስልህም። በዳግም ትንሣኤ ቅዳሴ ላይ ስለ ጽዋው ከሰው የሰማኸው እውነት ነው። እንዴት እንደሆነ፣ ማን እንደጮኸ፣ እሱ ምን እንዳደረገ እኔ አልጽፍም፤ አንተም በስልክ እንዳትጠይቀው። ቄስ ሆኖ ከእጁ ምን እንደፈሰሰ እሱ ያውቀዋል፣ ይበቃዋል።

የደብሩ አለቃ በማግስቱ ቤት ድረስ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። «አባታችን፣ ለምን አልነገሩንም? እንግዲህ ይረፉ» አሉት። ይረፉ! ይቺ ቃል እንዴት ያለች ቃል መሰለችህ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጥምጣሙን ሳያወልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዋለ። ምሳ አቀረብኩለት፣ አልበላም። «አባዬ፣ ሰው ይታመማል እኮ» አልኩት። «እኔ አልታመምኩም፣ ጨለመብኝ እንጂ» አለኝ።

ሐኪም ጋ ወስጄዋለሁ። ከቀኙ የቀረው ጭላንጭል ነው፣ እሱም የሚቆይ አይመስለኝም ብሎኛል። «ጠብታውን ጥለውት ነበር እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ቆጣ ብዬ «ሲያደርግ አያለሁ!» አልኩት። ቤት ስንመለስ ነው «አያለሁ» ያልኩት ነገር የከነከነኝ። የማየው መጋረጃውን ነው።

በዛብሽ

*

ሃይደራባድ፣ ሰኔ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ፣

በጓደኛዬ በሮብሳን በኩል የላክሽው ቁራጭ ወረቀት ደርሶኛል። ሰላምታ እንኳ የለበትም። «የዓይን ጠብታ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል ወይ? ይመራል ወይ? የማይወርድበት መንገድስ አለ?» ነው የሚለው። እንባ ሲመጣብን አፍንጫችን የሚረጥበው ለምንድን ነው? ከዓይን ጥግ ወደ አፍንጫና ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን ቦይ አለ። ጠብታውም በዚያው ይወርዳል። አዎ፣ አባዬ የታዘዘለት ይመራል፤ ብዙ ሰው ጉሮሮዬ ውስጥ መረረኝ ይላል።

እንዳይወርድ ማድረግ ደግሞ ቀላል ነው። ጠብታው እንደገባ ዓይንን ጨፍኖ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለጥቂት ደቂቃ ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ቦዩ ይዘጋል፤ መድኃኒቱም ዓይን ውስጥ ይቀራል። ማንኛዋም የዓይን ነርስ ታውቀዋለች፤ የነገሩት መስሎኝ ነበር።

ለምን ጠየቅሽኝ? እትዬ በዛ፣ ፈርቻለሁ። ቶሎ ጻፊልኝ።

አበጋዝ

*

ነቀምቴ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአቶ አበጋዝ ቂርቆስ፣ ለአይጦች ሐኪም፣

ለምን እንደጠየቅኩህ ልንገርህ።

አልጋው ሥር ስጠርግ ጠብታዎቹን አገኘኋቸው። ያልተከፈቱ፣ ማኅተማቸው ያልተነካ፣ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልለው። «አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት። ሊዋሸኝ እንኳ አልሞከረም። «ይመረኛል፣» አለኝ። «ዓይኔ ውስጥ ጠብ ሲል ጉሮሮዬ ይመረኛል። የመረረው ሰው ቀመሰ ማለት ነው። ቀምሼ እንዴት መቅደስ እገባለሁ?»

ገባህ? ሊቀድስ ያሰበ ቄስ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃም በአፉ አይዞርም። ስለዚህ ነገ እቀድሳለሁ ባለ ቀን ማታም ጠዋትም አያደርገውም። ካህን ባነሰበት ደብር ደግሞ የማይቀድስበት ቀን ስንት ነው? ሌላ ቄስ ቢጠይቅ ኖሮ «መድኃኒት ነው፣ ለታመመ ምን ገዶት» ይሉት ነበር። እንዳይጠይቅ ግን «ዓይንህ ምን ሆኖ ነው?» ሊሉት ነው። አለቃው እንዳያውቁበት ብሎ ዓይኑን ሰዋው፤ ዓይኑ ሲጠፋ አለቃው አወቁበት።

ቆይ፣ አልጨረስኩም። እስከ የካቲት ድረስ የማይቀድስበትን ቀን እየፈለገ ያደርግ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ግን ጨርሶ ተወው። ለምን? «ልጄ ጽፎልኛል። ሕዋሷ ስትጨነቅ ትጾማለች፣ በጾሟም ትድናለች ብሎኛል። እኔም አብሬያት ጾምኩ» አለኝ። የአንተን ደብዳቤ ነው የሚጠቅሰው፣ አበጋዝ! የአንተን! ሁለተኛ ጠብታ ሲታዘዝለት ከመጋረጃው ወዲያ ፈገግ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ከሐኪሙ በላይ የሚያውቅ ልጅ አለው።

በጣት ጫን ማድረግ ነው አልከኝ። ጥቂት ደቂቃ! ይህን አውቀህ ስለ ፕሮቲን ማጣጠፍ ትጽፍለታለህ? ስለ ጠብታው አንዲት ቃል፣ አንዲት፣ ደብዳቤህ ላይ የለችም፤ ደግሜ ፈልጌያለሁ። «የነገሩት መስሎኝ» ብለሃል። ነርሷ ሐኪሙ ነግሮት መሰላት፣ ሐኪሙ ነርሷ ነግራው መሰለው፣ ለአንተ ደግሞ ሁለቱም መሰሉህ። መሰለን፣ መሰለን ስንል ዓይኑ ሄደ።

እኔስ? እኔም አለሁበት። ሁለተኛውን ግማሽ በእጄ ይዤ፣ «ያው ጾም ይገድላታል» የሚለውን በዓይኔ እያየሁ፣ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ደስታው እንዳይጠፋበት ብዬ። ሲስተር ድርቤ «በትክክል እየተጠቀሙ ከሆነ» ስትለኝም አልነቃሁም። ስለዚህ አንተን ብቻ ስረግም አልውልም፤ ግማሹን ቀን ለአንተ፣ ግማሹን ለራሴ አድርጌዋለሁ።

ጭላንጭሏም ጠፍታለች። መስኮት ከፍቼ ፀሐይ ፊቱ ላይ ስታርፍ ሙቀቷን እንጂ ብርሃኗን አያውቃትም።

አሁን የምጽፍልህ ዋናው ነገር ይህ ነው። ጥምጣሙን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ እንዲህ አለኝ፦ «ለአበጋዝ ጻፊለት። እውነቱን ይንገረኝ። ዓይኔን ያጠፋው በሽታው ነው ወይስ እኔ ነኝ?» በሞቴ፣ አበጋዝ፣ በሽታው ነው በለው። ጠብታውም አያድንህም ነበር በለው። አሁን እውነቱ ለማን ይጠቅማል? ቤቱን ሰው ወሰደበት፣ መሬቱን ሰው ወሰደበት፤ ዓይኑን ራሱ ጣለው ከምትለው በሽታው ወሰደበት ብትለው ምን ትከስራለህ?

በዛብሽ

*

ሃይደራባድ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእትዬ በዛ፣

ደብዳቤሽን ላብራቶሪው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ አልገባሁም። የሰደብሽኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። ግን ያልሽኝን አላደርግም።

አንድ ጊዜ ግማሹን ነግሬው የሆነውን አይተናል። «ያስደነግጠዋል» ብዬ ነበር የቆረጥኩት። አሁን ደግሞ «ያሳዝነዋል» ብዬ ሌላውን ግማሽ ልቁረጥ? እውነቱን ይንገረኝ ብሎ የጠየቀኝ አባቴ ነው። በሕይወቱ ሙሉ ሰው ኃጢአቱን ሲነግረው የሰማ ሰው ነው፤ ከባድ ነገር መስማት ይችላል። አንቺ ትንሽ ልጅ እያደረግሽው ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። አሁን ላቁም።

የሚከተለውን አንብቢለት። እንዳለ፣ ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ። እለምንሻለሁ።

አባዬ፣ መስቀልህን እሳለማለሁ። ለጠየቅከኝ መልሱ ይህ ነው። በሽታው ከባድ በሽታ ነው፤ ግን ጠብታው በየቀኑ ቢደረግ ቀኝ ዓይንህ ገና ብዙ ዓመት ባየችልህ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጠብታው በመቋረጡ ነው ቶሎ የጠፋችው። ጥፋቱ ግን የአንተ ብቻ አይደለም። ምሬቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ የዓይንን ጥግ በጣት መያዝ ይበቃ ነበር፤ አንድም ሰው አልነገረህም፣ እኔም አልነገርኩህም። ስለ ሕዋሷ ጾምም ግማሹን ነው የጻፍኩልህ። ሕዋሷ በጾም የምትድነው ግፊቱ ሲቀንስላት ብቻ ነው፤ ካልቀነሰ ያው ጾም ይገድላታል። ይህን እያወቅኩ ደብቄሃለሁ። አንተ ያመንከው እኔን ነው። ይቅር በለኝ።

አበጋዝ

*

ነቀምቴ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአበጋዝ፣

እንዴት ነህ? እኔ ደህና አይደለሁም። አንዴ እንኳ እንዲህ ብዬ ልጀምር።

አነበብሽለት ወይ ብለህ በስልክ ስትጠይቀኝ «አዎ» ብዬ ዘግቼብሃለሁ። አነበብኩለት። ግን የጻፍከውን አይደለም።

አልቻልኩም። ወረቀቱን ይዤ ፊቱ ተቀመጥኩ፤ እሱ አንገቱን ወደ እኔ ሰበር አድርጎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። «አባዬ፣ መስቀልህን እሳለማለሁ» የሚለውን እንዳለ አነበብኩ። ከዚያ ግን አፌ የራሱን መንገድ ያዘ። «በሽታው ከባድ በሽታ ነው፤ ጠብታውም ቢደረግ ምንም ባልጠቀመ ነበር፤ አንተ ያጠፋኸው የለም» አልኩት። አንተን መስዬ፣ በአንተ አነጋገር። ይቅር በለኝ የሚለውንም ጨመርኩለት። አስተማሪ አይደለሁ፣ ድርሰት አያቅተኝም።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ከዚያ «ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት። «ሦስተኛ» አለ። ሦስተኛም አነበብኩ።

አይ የእኔ ነገር! ማንን ነው ላታልል የተነሳሁት? ሰውየው እኮ በልጅነቱ ከመምህሩ አፍ አንዴ የሰማትን ቃል ሳያዛንፍ ካልመለሰ በአለንጋ እየተገረፈ ያደገ ነው። «በመጀመሪያው ንባብ ‹ምንም ባልጠቀመ ነበር› አልሽ፣» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «በሁለተኛው ‹ብዙም ባልረዳህ ነበር› ሆነ። በሦስተኛው ‹ነበር› ቀረች። የልጄ ወረቀት በየንባቡ ይለዋወጣል እንዴ?»

እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ምርኩዙን ፈልጎ ወጣ፤ ልይዘው ብል እጄን አስለቀቀኝ። በአጥሩ እየዳሰሰ ኦቦ ባይሳ በር ደረሰ።

ኦቦ ባይሳ አማርኛ ሲያነብ ታውቀዋለህ፤ ድንጋያማ መንገድ ላይ እንደሚሄድ አህያ በየቃሉ እየቆመ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰማሁት። «ጠብ-ታው... በመቋ-ረጡ ነው... ቶሎ የጠፋ-ችው» ሲል ሰማሁት። መሃል ላይ «ቄሲ፣ ልተወው?» አለው። አባዬ «የተጻፈውን አንብብ» አለው። እስከ መጨረሻው አነበበለት። አባዬ ሲያለቅስ አልሰማሁም። ኦቦ ባይሳ ግን አፍንጫውን ሲጠርግ ሰምቻለሁ።

ሲመለስ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህብኝ ምን ነበረበት! «አበጋዝን ይቅር ብዬዋለሁ፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። «እኔንስ፣ አባዬ?» አልኩት። «አንቺን ምን በደልሽኝ ልበል? ስላዘንሽልኝ ነው» አለ። ቀጥሎ ግን «ከእንግዲህ የእሱ ደብዳቤ በባይሳ ስም ይምጣ» አለኝ።

ስለዚህ አድራሻ ቀይር። ለኦቦ ባይሳ ብለህ ጻፍ፤ ፊደልህን ጎላ አድርገው፣ ዓይኑ የደከመ ነው። አንተ እውነቱን ተናግረህ ይቅር ተባልክ፤ እኔ በየቀኑ የማበላው፣ የማለብሰው፣ ጭቃ የማሻግረው ዋሽቼ ቀረሁ። ልክ አይደለህም አላልኩም። ልክ ነህ። ልክ መሆንህ ነው የሚያቃጥለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር በትሕትና ነው የሚኖረው፤ እንደ እንግዳ። ውጭ እየዘነበ ነው ስለው እጁን ከበሩ ያወጣል። ወጡ ሽሮ ነው ስለው ቀድሞ ያሸተዋል። ሸሚዙ ነጩ ነው ስለው ኮሌታውን በጣቱ ይፈትሻል። ምንም አይለኝም፤ «እግዜር ይስጥሽ» ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው መጋረጃውን ገለጥኩና «አባዬ፣ ነግቷል» አልኩት። ተነሳ፣ ጋቢውን ደረበ፣ በሩን ከፈተ፣ ወደ አጥሩ ዞሮ ተጣራ፦

«ባይሳ! ነግቷል ወይ?»

በዛብሽ